ባጃጁ ውስጥ ሰው ነበረበት

አዲስ አበባ የሄድኩት ለመዝናናት አይደለም። ዘመድ ለመጠየቅም ለሕክምናም አይደለም። ለመጣላት ነው የሄድኩት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከተመለስኩ ጀምሮ ደሴ ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ቦሌ እንዴት ነው? ሕንጻው እንዴት ነው?» እያለ ስለሚጠይቀኝና እኔ ደግሞ ቀና ብዬ ሕንጻ የማይበት ጊዜ ስላልነበረኝ ነው። ያየሁትን ግን እንደ ቅደም ተከተሉ እጽፋለሁ፤ የመሄድ ሐሳብ የሌላችሁ ብዙ ናችሁና።

ሀያት እባላለሁ፤ ሰባት ዓመት ባጃጅ ነድቻለሁ። አምና ናሆም የሚባል የአዲስ አበባ ዳይሬክተር የተኩስና የማሳደድ ፊልም ሊሠራ ወደ እኛ መጥቶ ነበር። ዋናዋ ተዋናይት ከገዳዮች ስታመልጥ ባጃጅ እየነዳች ሐረጎን ትወርዳለች። ሐረጎን ላላየ ሰው፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው፤ የከባድ መኪና ሹፌሮች እዚያ ከመድረሳቸው በፊት ፍሬናቸውን ይፈትሻሉ። ተዋናይቷ ባጃጅ ቀርቶ ብስክሌት ነድታ አታውቅም። ስለዚህ የእሷን ቀይ ሻርፕ ተከናንቤ የወረድኩት እኔ ነኝ። ጎህ ሲቀድ፣ ሦስት ጊዜ።

ፊልሙ ወጣ። ስሙን አልጽፍም፤ በነጻ ማስታወቂያ የምሠራለት ምክንያት የለኝም። በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ጋሽ መርዕድ የሚባሉ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሚከበሩ ሐያሲ፣ በቴሌግራም ገጻቸው ላይ ረጅም ሂስ ለቀቁ። ታሪኩ ሳስቷል አሉ። ዋናው ተዋናይ በአንድ ሽጉጥ፣ ጥይት ሳይጨምር ሠላሳ ሰው ጣለ አሉ። ይበሉ፤ እሱ እኔን አይመለከተኝም። እኔ ጋ ሲደርሱ ግን እንዲህ ጻፉ፦ «የሐረጎው ትዕይንት በኮምፒውተር መሠራቱ ያስታውቃል። ባጃጁ ክብደት የለውም። በሦስተኛው ኩርባ ላይ የኋላ ጎማው መሬት አይነካም። ውስጡ ሰው የለበትም።»

በማግስቱ ባጃጅ ተራ ስደርስ ጓደኞቼ «ግራፊክስ መጣች!» ብለው ተቀበሉኝ። ያኔ ወረድኩ ብዬ ስነግራቸውም በግማሽ ልባቸው ነበር ያመኑኝ። ከዚያ ተሳፋሪውም ተቀበላቸው፤ «ግራፊክስ፣ ወደ ሆጤ ትሄጃለሽ?» ይሉኛል። ከጽሑፉ ግርጌ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ኦሎምፒያ አካባቢ በሚገኝ አዳራሽ ጋሽ መርዕድ ሂሳቸውን እንደሚያቀርቡ፣ ውይይቱም ለሁሉም ክፍት እንደሆነ ተጽፏል። ለሁሉም ከሆነ ለእኔም ነው ብዬ ባጃጄን አቁሜ የአውቶቡስ ቲኬት ቆረጥኩ።

ረቡዕ

አውቶቡሱ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሳ። መንገዱ ክፍት የሆነበት ሳምንት ስለነበር ሰው ሁሉ ሳይዘጋ እንድረስ እያለ ነበር የተሳፈረው። ሐረጎን ስንወርድ ተሳፋሪው ያንቀላፋል፣ እኔ ግን በእግሬ ባዶውን ወለል እየረገጥኩ ፍሬን እይዛለሁ። ሹፌሩ ጎበዝ ነው፤ ሆኖም ሁለተኛው ኩርባ ላይ ማርሽ የቀነሰው ዘግይቶ ነው፤ ብነግረው ደስ ባለኝ።

አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ ነቃ አለና በመስኮቱ እያሳየኝ «ያ ፊልም የተሠራው እዚህ ነው። መንገዱን ብቻ ቀርጸው ባጃጁን ኋላ ነው የለጠፉበት አሉ» አለኝ።

«ማን አለ?»

«ሁሉም።»

እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ አላናገርኩትም። እሱ ግን ዝምታዬን ሕመም መስሎት ኖሮ፣ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ፓፓያ ገዝቶ፣ አስቆርጦ፣ በላስቲክ ይዞልኝ መጣ። «መኪና ለሚያማት ሰው ፓፓያ ይሻላታል» አለኝ። አፈርኩ። ፓፓያውን በላሁ፤ ደብረ ሲና ላይ ደግሞ እኔ ቆሎ ገዝቼ ሰጠሁት፣ ታረቅን። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ የደሴን ብርድ ስለመሰለኝ ደስ አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን አገሩ ሜዳ ብቻ ሆነ። ሹፌር በዚህ መንገድ ላይ መሪ መያዙን እንዴት እንደማይረሳ አላውቅም።

ላምበረት መናኸሪያ ስንደርስ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሻንጣዬን ቁልቁል ወረወሩት። ለእትዬ ለተብርሃን ይዤ የመጣሁት ማር ውስጡ ነበር። ማሩ ልብሴ ላይ፣ ከልብሴ አልፎ የአንድ ሰውዬ ፍራሽ ላይ ፈሰሰ። ሰውየው ይጮኻል ብዬ ስጠብቅ ጣቱን ነክሮ ቀመሰና «የወሎ ነው?» አለኝ። አዎ ስለው «እንኳን ፈሰሰ» ብሎ ፍራሹን ተሸክሞ ሄደ።

እትዬ ለተብርሃን ማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። የትግራይ ሰው ናቸው፤ ደሴ ለመንግሥት ሥራ ተመድበው ሲመጡ ስምንት ዓመት በእኛ ግቢ ተከራይተው ኖረዋል። አሁን ጡረታ ወጥተው ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔ መገናኛ ላይ ታክሲ ተሳስቼ ስንከራተት፣ እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ቡልቡላ ታክሲ ማዞሪያ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመው ጠብቀውኛል። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ከስተሻል» ብለው ሦስቴ ሳሙኝ። ክሳት እንኳ የለብኝም።

ከማዞሪያው እስከ ብሎካቸው ባጃጅ ያዝን። የበልግ ዝናብ ጥሎ ስለነበር መንገዱ ገና አስፋልት ያልለበሰበት ቦታ ላይ ተቀረቀርን። ሹፌሩ ጋዝ በሰጠ ቁጥር ይበልጥ ይሰምጣል። «አንተ ከኋላ በሰመጠው ጎማ በኩል ተቀመጥ፤ ጎማው ክብደት ይፈልጋል፤ መሪውን ለእኔ ስጠኝ» አልኩት። «አንቺ?» አለኝ፣ ሴት ሹፌር ሁሉ የምታውቃትን ያችን «አንቺ» ብሎ። እትዬ ለተብርሃን ከውስጥ «ስጣት አቦ!» ብለው ጮኹበት። በሁለተኛው ሙከራ ወጣን። ሹፌሩ ከዚያ በኋላ እስክንወርድ ድረስ «ደሴ እንዴት ነው ዳገቱ?» እያለ በአክብሮት ጠየቀኝ።

ራት ላይ ሽሮና ጎመን ቀረበ። የእኛ ረመዳን ወጥቶ ነበር፣ የእሳቸው ሁዳዴ ግን ገና አልተጋመሰም። ድሮ ደሴ ግቢያችን ውስጥ ሥጋ ሲሠራ የእናቴ ድስትና የእሳቸው ድስት ለየብቻ ነበር፤ በጾም ጊዜ ግን ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንበላ ነበር። «የመጣሽበት ጊዜ ጥሩ ነው፤ ማን አረደው ሳንባባል እንበላለን» አሉኝ።

ሐሙስ

ጠዋት ሾላ ገበያ ሄድን። እትዬ ለተብርሃን ከቡልቡላ እስከዚያ ሁለት ታክሲ ይዘው የሚሄዱት አንዲት የበርበሬ ነጋዴ ደንበኛ ስላለቻቸው ነው። ገበያው ከእኛ ሰኞ ገበያ ጋር ሲተያይ ጠቦኝ ነበር፤ ሰው ግን በእጥፍ ይበልጣል፤ ያለማቋረጥ ይገፈታተራሉ፣ እየተገፈታተሩም ይቅርታ ይባባላሉ። እኛ ጋ ገፍትሮ ይቅርታ የሚል ሰው ቢገኝ የታመመ ይመስለናል።

እትዬ ለተብርሃን ለነጋዴዋ «ይህች ልጅ ፊልም ላይ አለች» አሏት፣ በኩራት።

«የቷ ናት?» አለች ነጋዴዋ፣ ፊቴን እየመረመረች።

«ባጃጁን የነዳሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

«እሱማ ኮምፒውተር ነው እኮ።»

«ጋሽ መርዕድ የሚባሉት ሰውዬ ጽፈው ነው?» አልኳት፣ ደሜ እየፈላ።

«መርዕድን አላውቅም። ዳይሬክተሩ ራሱ ነው በቴሌቪዥን ሲናገር የሰማሁት። ‹ግራፊክሳችን እዚህ ደርሷል› ሲል።»

በርበሬው አፍንጫዬ ገባ ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ። ናሆም? «ሀዩ፣ ታሪክ ሠራሽ» እያለ ሐረጎ ሥር ያቀፈኝ ናሆም? ሴትዮዋ ከሌላ ሰው ጋር አምታታችው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከሰዓት በኋላ ቦሌ ሲኒማ ገባሁ። ፊልሙን ከዚያ በፊት አላየሁትም፤ ደሴ አልመጣም። እውነቱን ልናገር፣ ታሪኩ ላይ ጋሽ መርዕድ አልተሳሳቱም፤ ሽጉጡም ጥይት አያልቅበትም። ሐረጎ ሲመጣ ግን ፈንዲሻ የሚበላው ሰው ሁሉ እጁን ገታ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ አጠገቤ ያለችው የማላውቃት ሴት «ዋይ!» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። የያዘችው የነዳችውን ሴት ክንድ መሆኑን አላወቀችም። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሲያልቅ መብራት በራ፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ ወጣ። እኔ ቁጭ ብዬ ስም መቁጠር ጀመርኩ። ምግብ ያቀረቡት አሉ። የውሻው ባለቤት አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የጮኸው ውሻ። ግራፊክስ የሠራ ሰው ስም ለብቻው በትልቁ አለ። መጥረጊያ የያዘች ሴት መጥታ «እህት፣ አልቋል» አለችኝ። «አላለቀም፣ ስሜን እየፈለግኩ ነው» አልኳት። ጥሩ ሴት ናት፤ መጥረጊያዋን ተደግፋ አብራኝ ፈለገች። የለም።

ዓርብ

ናሆምን ኦሎምፒያ አካባቢ ካፌ ቀጠርኩት። ማኪያቶ አዘዘልኝ፣ አቀፈኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቀ።

«ባጃጁ ኮምፒውተር ነው ያልከው አንተ ነህ?» አልኩት።

«ሀዩ፣ ስሚኝ፣ ለአንቺ ብዬ ነው። ፐርሚት አልነበረንም እኮ። መንገድ ሳናዘጋ፣ ትራፊክ ሳይኖር ነው የቀረጽነው። ጋዜጠኛው ‹ይሄ ሲን ሪያል ነው ወይ?› ሲለኝ፣ አዎ ብል መንጃ ፍቃድሽን ይነጥቁሻል። ግራፊክስ ነው አልኩ፣ በቃ ሰላም።»

«አንተስ አትቀጣም ነበር?»

«እኔም እቀጣለሁ፣ አልዋሽሽም።» ማኪያቶውን አማሰለ። «ደግሞ ሰው ግራፊክስ ሲባል ይወዳል። እኛም ደረስን ማለት ነው። ባጃጁ እንዳይገለበጥ አሸዋ ጭነን ነው ብል ማን ያከብረኛል?»

«ስሜስ?»

«ስምሽ ቢጻፍ ማስረጃ ይሆንብሽ ነበር።»

ተናደድኩ። ከሁሉ ያናደደኝ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ቤታችን የሚበላው ከዚያች ባጃጅ ነው። እናቴ አለች፣ ታናሽ እህቴ አለች፤ ሹፌር ቀጥሬ ላሠራት ብል ገቢዋ ለሁለት አይበቃም። ነገ ተነስቼ እኔ ነኝ ብል ሐያሲውን ረታሁ ማለት ነው፣ መንጃ ፍቃዴ ግን ሄደ። ዝም ብል ደግሞ ሥራዬ አለኝ፣ የወረድኩት ግን ኮምፒውተር ሆኖ ይቀራል። ማኪያቶውን ሳልጠጣ ወጣሁ፤ ደሴ ይህን ባደርግ አስተናጋጇ ተከትላ ምን አስከፋሽ ትለኝ ነበር፤ እዚህ ብርጭቆውን አነሱት።

ቤት ገብቼ ለእትዬ ለተብርሃን ሁሉንም ነገርኳቸው። ምስር እየለቀሙ ሰሙኝ።

«ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ» አሉ። «ፋይሉ የጠፋበት ሰው ይመጣል። አለቆቼ ‹እንዲህ የሚባል ሠራተኛ የለንም› ይሉታል፣ ሰውየው ፊታቸው ቆሞ። ስንቱ እያለቀሰ ሄደ። እኔም ‹የለም› ብዬ ፈርሜ አውቃለሁ።» ምስሩን ወዲያ ገፋ አደረጉት። «ተናገሪ አልልሽም፣ እንጀራሽ ነው። ብቻ ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ቅዳሜ

አዳራሹ ስምንት ሰዓት ላይ ሞላ። ሁሉም ይተዋወቃል፣ ሁሉም ማስታወሻ ደብተር ይዟል። እኛ ጋ ሰው ሲሰበሰብ ወይ ለቅሶ ነው ወይ ሠርግ፤ እዚህ ስለ ፊልም ብቻ ሁለት መቶ ሰው ቁጭ ይላል። አስቀናኝ።

ጋሽ መርዕድ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ጠልቻቸው ነበር የመጣሁት፣ ሲያነቡ ግን ወደድኳቸው፤ ድምጻቸው ያምራል፤ ፊልሙንም ቁጭ ብለው ያዩት ያስታውቃል። ናሆም ፊተኛው ረድፍ ላይ እየሳቀ ይሰማል። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሲደርሱ «ውስጡ ሰው የለበትም» ብለው ቆም አሉ፣ ሰዉ አጨበጨበ። ናሆምም አጨበጨበ።

ውይይት ተከፈተ። እጄን አወጣሁ። አወያዩ የሚያውቀውን ሰው በስሙ እየጠራ ዕድል ይሰጣል፤ ዕድል ያገኘውም ከእሱ በፊት የተናገረውን አመስግኖ ይጀምራል። እጄ ዛለ፣ በሌላኛው ቀየርኩ። በመጨረሻ አወያዩ ሰዓቱን አይቶ «ጊዜ ስለተጣበበ ወደ ማጠቃለያው እንለፍ» አለ።

ያኔ እትዬ ለተብርሃን ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ሳያወጡ፣ ዝም ብለው ቆሙ። ከኋላ አንድ ሰው «እናት ናቸው፣ ለእናት ዕድል ይሰጥ!» አለ። ሌላውም ተቀበለው። ሁለት መቶ ሰው ፊት ነጠላ የለበሱ እናትን ተቀመጡ የሚል አወያይ እስካሁን አልተወለደም። ማይክሮፎኑ በሩጫ መጣ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። «እኔ ስለ ፊልም አላውቅም። የሰጣችሁኝን ደቂቃ ለዚህች ልጅ ሰጥቻታለሁ።»

«እናቴ፣ እንደዚያ አይቻልም፤ አሠራራችን…»

«ለእኔ ከሰጣችሁኝ የእኔ ነው» አሉና ማይክሮፎኑን እጄ ላይ አኖሩት። አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበ።

ማይክሮፎኑን እንደ ባጃጅ መሪ በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ሀያት እባላለሁ፣ ከደሴ ነው የመጣሁት» አልኩ። «ጋሽ መርዕድ፣ ባጃጁ ውስጥ ሰው ነበረበት። እኔ ነበርኩ።»

ጉምጉምታ ተነሳ። ናሆም አንገቱን ደፋ።

«የኋላ ጎማው መሬት አይነካም ብለዋል። ትክክል ነዎት፣ አይነካም። ባጃጅ ቁልቁለት ላይ እንዳይገለበጥ ወለሉ ላይ ሁለት ከረጢት አሸዋ አስሬ ነበር። በሦስተኛው ጉዞ፣ ወደ ግራ ስታጠፍ የግራው ገመድ ተፈታ። አሸዋው ወደ ቀኝ ሄደ፣ የግራው ጎማ ተነሳ፣ በሁለት ጎማ ቆምን። ግማሽ ገላዬን በግራ አውጥቼ ነው የመለስኳት። ይህን ፊልም ካዩት ሰዎች ጎማውን ያዩልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። አይተው ግን አላመኑም። ሴት ልጅ ይህን ከምታደርግ ኮምፒውተር ቢያደርገው ቀለለዎት።»

ጋሽ መርዕድ መነጽራቸውን አወለቁ። ወደ ናሆም ዞረው «እውነት ነው?» አሉት። ናሆም «እውነት ነው» አለ፣ ማይክሮፎን ሳይኖረው፣ ለራሱ እንደሚናገር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሦስት ዐረፍተ ነገር እሰርዛለሁ» አሉ። «ስምሽንም እጽፋለሁ። ፊልሙ ግን አሁንም መጥፎ ነው።»

«እሱን ከናሆም ጋር ይነጋገሩበት» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም።

«ልጄ፣ ይህን እዚህ በመናገርሽ የሚደርስብሽ ነገር የለም?»

«አለ። መንጃ ፍቃዴ።»

ያን ጊዜ ነው ስልኮች ሁሉ ወደ እኔ የተቀሰሩት። ስንወጣ ናሆም በር ላይ ጠብቆ «ጨረስሽኝ» አለኝ። «እኔ አልጀመርኩህም» አልኩት። እትዬ ለተብርሃን ክንዴን ይዘው ታክሲው ድረስ ወሰዱኝ፤ ከተቀመጥን በኋላ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ።

እሑድ

ሳይነጋ ላምበረት ድረስ ሸኙኝ። የምስር ሳምቡሳ በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ፤ ለስድስት ሰው ይበቃል። «ለሹፌሩም ስጪው፣ ይጠነቀቅልሻል» አሉኝ። ሰጠሁት፤ እውነትም ተጠነቀቀ፣ እንዲያውም ከመጠን በላይ፤ ስምንት ሰዓት ይፈጃል የተባለው መንገድ አሥራ አንድ ሰዓት ፈጀ። ከሚሴ ላይ ኔትወርክ ሲመጣ ስልኬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቪዲዮው ከእኔ ቀድሞ ደሴ ገብቶ ነበር።

ሰኞ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ትራፊክ ቢሮ ተጠራሁ። ኢንስፔክተር ሙሄ ሁለት ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያመላለስኩላቸው ሰው ናቸው። ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋድመው ቅዳሜ የተናገርኩትን አሰሙኝ። ድምጼ ቀጭን ነው፣ አላውቅም ነበር።

«አብሽሪ ሀያት» አሉ። «ዳይሬክተሩ በቴሌቪዥን ኮምፒውተር ነው ብሏል። አንቺም ለፊልሙ ማሟሟቂያ ብዬ ነው የተናገርኩት በይኝ፤ እዚሁ እንተወው። አንድ ቃል ነው የምፈልገው።»

ለአፍታ አመነታሁ፣ አልዋሽም። እናቴ ጠዋት ስወጣ የባጃጇን ቁልፍ እጄ ላይ አኑራ ነበር የሸኘችኝ፤ ያ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ከብዶኝ ነበር። ኢንስፔክተሩም ክፉ ሰው አይደሉም፤ በር ከፍተው እንድወጣ ነው የሚለምኑኝ።

«ሦስቴም በዚያ ፍጥነት የወረድኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ይጻፉት።»

ከዚያ ከመሳቢያ ቅጽ አውጥተው፣ ቀስ ብለው፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ ሞሉት። ከመፈረሜ በፊት ላንብበው አልኩ። የእኔ ስም፣ የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም አለ። ከሥሩም እንዲህ ይላል፦ አሽከርካሪዋ የሐረጎን ቁልቁለት ሦስት ጊዜ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ መውረዷ፣ በሦስተኛውም ተሽከርካሪው በሁለት ጎማ መቆሙ በራሷ አንደበት ስለተረጋገጠ መንጃ ፍቃዷ ለስድስት ወር ታግዷል። ሁለቴ አነበብኩት። አንድም ስህተት የለበትም። ፈረምኩ።

«ቅሬታ ካለሽ ከታች ቦታ አለው» አሉኝ።

«ቅሬታ የለኝም» አልኳቸው። «ማኅተሙን ግን ጠበቅ አድርገው ይምቱልኝ፤ ኮፒ አድርጌ ባጃጅ ተራው ላይ የምለጥፈው ነው።»